የተረፈ ሰው ዕዳ

በየኅብረታችን የምስክርነት ጊዜ ሲከፈት ከሚሰሙት ታሪኮች ብዙዎቹ የመንገድና የሥራ ቦታ ታሪኮች ናቸው። ሚኒባሱ ፍሬን እምቢ ብሎት ከፊቱ ካለው መኪና ጋር ሊላተም ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ከሕንፃ ሥራ ላይ ጣውላ ሲወድቅ ወንድማችን ገና አንድ እርምጃ አልፎ ነበር። ጋዝ ሲያፈስ ባደረ ቤት ውስጥ ክብሪት ሊጫር ሲል እህታችንን ሽታው ቀሰቀሳት። ጉባኤው "አሜን" ይላል፣ እልል ይባላል፣ ማይኩ ወደሚቀጥለው ሰው ይተላለፋል።

እኔ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ከእልልታው በኋላ ያለው ነው። ያ ሚኒባስ በማግሥቱ ጠዋት የት ነበር? ዓለም ባንክ ተራ ላይ ቆሞ ሌላ ሰው እየጫነ ነበር? ያን ጣውላ የለቀቀው መወጣጫ ታሰረ ወይስ እንደ ላላ ቀረ? ከአደጋ ያመለጠ ሰው ለእግዚአብሔር ምስጋና እንዳለበት ማናችንም አንጠራጠርም። ከኋላው ለሚመጣው፣ መልኩንም ስሙንም ለማያውቀው ሰውስ ዕዳ አለበት ወይ? ካለበትስ እስከ ምን ድረስ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ዋጋ ከፍሎ የተማረው የበረራ ሙያ ስለ ሆነ ምሳሌዎቼን ከዚያ እወስዳለሁ።

ጥቅምት 18 ቀን 2011 ዓ.ም. ምሽት አንድ የላየን ኤር አውሮፕላን ከባሊ ደሴት ተነሥቶ ወደ ኢንዶኔዥያ ዋና ከተማ ጃካርታ ይበር ነበር። አዲስ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነው። ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ አፍንጫው በራሱ ጊዜ ወደ ታች ይደፋ ጀመር። አብራሪዎቹ ቀና ያደርጉታል፣ ተመልሶ ይደፋል። በዚያ ምሽት በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ከሥራ ውጭ የነበረ ሦስተኛ አብራሪም ተቀምጦ ነበር። በመጨረሻ በጅራቱ ላይ ያለውን ማመጣጠኛ የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር በማብሪያው አጠፉት፤ ማመጣጠኛውን በእጃቸው እያስተካከሉ ጃካርታ በሰላም አረፉ። በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይም ያጋጠማቸውን ጻፉ። የፍጥነትና የከፍታ መለኪያዎች መሳሳታቸውን መዘገቡ። መሪው ያለማቋረጥ ሲንቀጠቀጥ እንደ ነበረና ያን ማብሪያ አጥፍተው እንደ ተረፉ ግን በመዝገቡ አልሰፈረም።

በማግሥቱ ጠዋት ያው አውሮፕላን ሌሎች አብራሪዎችን ይዞ ተነሣ። አፍንጫው እንደገና ይደፋ ጀመር። እነዚህኞቹ ማብሪያውን አላጠፉትም። አውሮፕላኑ ጃቫ ባሕር ውስጥ ገባ፤ 189 ሰዎች አለቁ።

እነዚያ የምሽቱ አብራሪዎች ክፉ ሰዎች ነበሩ ለማለት አልደፍርም። ደክሟቸዋል፣ ቤታቸው ደርሰዋል፣ ለጥገናው ክፍል የሚበቃውን የጻፉ መስሏቸዋል። እኛም ከሚኒባሱ ስንወርድ የምናስበው ይህንኑ ነው፦ ተመስገን፣ ደረስን።

ከዚያ በኋላ 132 ቀናት አለፉ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። አውሮፕላኑ ተመሳሳይ ዓይነት ነበር። ስድስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። ከ30 በላይ አገሮች ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች ሞቱ፤ ዋና አብራሪው ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ፣ ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ 25 ዓመቱ ነበር። መሬቱ ለለቀስተኛ የሚሰጠው አስከሬን አልነበረውም። ከሳምንት በኋላ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በተደረገው የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ቤተሰቦች ባዶ ሣጥን ቀበሩ፤ አስከሬን ለሌላቸውም ከአደጋው ስፍራ የተወሰደ አፈር ተሰጣቸው።

የሆነው ምንድን ነው? ቦይንግ ነዳጅ የሚቆጥብ ግዙፍ ሞተር በአሮጌው 737 አካል ላይ ለመግጠም ፈለገ። ሞተሩ ትልቅ በመሆኑ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተጠግቶ መቀመጥ ነበረበት፤ ይህም አውሮፕላኑ በአንዳንድ ሁኔታ አፍንጫውን ከሚገባው በላይ እንዲያነሣ ያደርገዋል። ይህን ለማረም ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ተሠራ። ሶፍትዌሩ አፍንጫው በጣም የተነሣ ሲመስለው ራሱ ይደፋዋል። አፍንጫው ከሚመጣው ነፋስ ጋር ያለውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች በአውሮፕላኑ ግራና ቀኝ እያሉ ኤምካስ የሚያምነው አንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ ከተሳሳተ የሚያስተባብለው የለም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከመጀመሪያው አደጋ በፊት አብራሪዎች በሚማሩበት መጽሐፍ ውስጥ ስለዚህ ሥርዓት አልተነገራቸውም። አዲሱ አውሮፕላን ከአሮጌው ብዙ እንደማይለይ ማሳየት ለገበያ ይጠቅም ነበር። ቦይንግ ለአንድ ደንበኛ አየር መንገድ፣ አብራሪዎቹ በሲሙሌተር መሠልጠን ካስፈለጋቸው ከእያንዳንዱ አውሮፕላን ዋጋ 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚቀንስ ቃል ገብቶ እንደ ነበር የአሜሪካ ምክር ቤት ምርመራ በኋላ ይፋ አድርጓል።

አሁን ጥያቄዬን በእነዚያ 132 ቀናት ላይ አኖራለሁ። ከጥቅምት በፊት "አላወቅንም" ማለት ቢያንስ ለአንዳንዶቹ ይቻል ይሆናል። ከጥቅምት በኋላስ? ከመጀመሪያው አደጋ ጥቂት ቀናት በኋላ ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ ተላከ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ባለሙያዎች በኅዳርና በታኅሣሥ መካከል ባደረጉት የራሳቸው ስሌት፣ ማስተካከያ ካልተደረገ እነዚህ አውሮፕላኖች በአገልግሎት ዘመናቸው ወደ 15 የሚጠጉ ተጨማሪ አደጋዎች ሊደርሱባቸው እንደሚችሉ ገመቱ። ሶፍትዌሩ እስኪታረም ግን አውሮፕላኖቹ እየበረሩ እንዲቆዩ ተወሰነ። የመጀመሪያው አደጋ ዕውቀት ሰጥቶ ነበር፤ ዕውቀቱ የሚገባውን ያህል ክብደት አላገኘም።

አንዳንዶች ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ ቀሰሩ፤ በተለይ ስለ አፍሪካና ስለ እስያ አብራሪዎች የተባለው ነገር ጆሮ የሚያሳምም ነበር። ሙታንን መክሰስ ቀላል ነው፤ ተነሥተው አይከራከሩም። በመጋቢት 2011 መጨረሻ የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ደጋግመው እንደ ሞከሩ ገለጸ። የመጨረሻው ሪፖርት ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ስለ አብራሪዎቹ ድርሻም የበለጠ መባል ነበረበት ብለው አስተያየት ጨምረዋል። ይህን የምጠቅሰው ከእኛ ወገን ያልሆነውን ቃል መዝለል ከጀመርን ከዚያ ምሽት መዝገብ የተሻልን ስላልሆንን ነው።

የሰው ልጅ መብረርን ሲጀምር እንዲህ አልነበረም፤ የሚሞክረውና የሚሞተው አንድ ሰው ነበር። ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል በሠራቸው ክንፎች ከ2,000 ጊዜ በላይ ከኮረብታ ላይ ተንሳፍፎ እ.ኤ.አ. በ1896 ወድቆ ሞተ። ነገር ግን የለካውን ሁሉ በሰንጠረዥ ጽፎ አትሞት ነበር። በአሜሪካ ኦሃዮ ብስክሌት እየሠሩ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ያን ሰንጠረዥ አነበቡ። ዊልበርና ኦርቪል ራይት የአንድ ጳጳስ ልጆች ነበሩ፤ አባታቸው ሚልተን ራይት የዩናይትድ ብሬዝረን ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ነው፤ እነርሱም እሑድ ቀን አይበሩም ነበር። በ1901 የሠሩት ተንሳፋፊ ሰንጠረዡን ይዘው ካሰሉት በጣም ያነሰ ሲያነሣቸው ተስፋ ሊቆርጡ ደረሱ። ዊልበር በዚያው ዓመት መስከረም ቺካጎ ሄዶ በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት ያልሠራላቸውን ነገር ሁሉ ተናገረ። ከዚያ ተመልሰው ከእንጨት ሣጥን የነፋስ ማስተላለፊያ ሠሩና 200 ያህል የክንፍ ቅርጾችን አንድ በአንድ ለኩ። በታኅሣሥ 1903 የተገኘው የ12 ሴኮንድ በረራ ከዚያ ሣጥን የወጣ ነው። (በኋላ እነርሱም ምስጢረኞች ሆኑ፣ ለዓመታትም በፓተንት ክስ ተጠመዱ። ሰው ሲሳካለት መናገር ይቀንሳል መሰል።)

ወንድማማቾቹ ለአባታቸው አብረው ላለመብረር ቃል ገብተው ነበር፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን እንዲቀጥል። አብረው የበረሩት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በግንቦት 1910፣ በአባታቸው ፈቃድ ነው። ይህ የጥንቃቄ ልክ ቆንጆ ነው፤ ሆኖም ዓለሙ ሲለወጥ አንድ ነገር ተጨመረ፤ ተሳፋሪ የሚባል ሰው መጣ። በሞተር አውሮፕላን አደጋ የሞተው የመጀመሪያው ሰው ያበር የነበረው አልነበረም፤ በመስከረም 1908 ኦርቪል አጠገብ ተቀምጦ የነበረው መኮንን ቶማስ ሰልፍሪጅ ነበር። ኦርቪል ከሕመም አልጋው ሆኖ ስብርባሪውን አስመጥቶ መረመረ፤ የተሰነጠቀው ፕሮፔለር የጅራቱን ሽቦ እንደ መታ ደረሰበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው "እኔ ለመሞከር ዝግጁ ነኝ?" ከሚለው አለፈ። ስለ ፕሮፔለር የማያውቅ፣ ማወቅም የማይጠበቅበት ሰው እኔን አምኖ ተቀምጧል።

እኛ ኢትዮጵያውያንም ለዚህ ታሪክ ፈጽሞ እንግዶች አይደለንም። በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ እየተፋፋመ ሳለ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ውስጥ የሠራት "ፀሐይ" የተባለች ትንሽ አውሮፕላን በራለች። ጣሊያኖች ወሰዷት፤ ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች። ወጣቶች ሄዳችሁ ስለ እርሷ ብትጠይቁ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ምሳሌ ግን የእንግሊዙ ኮሜት ነው፤ የመጀመሪያው ባለጄት መንገደኛ አውሮፕላን። ሠሪዎቹ ቸልተኞች አልነበሩም። በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ግፊት እየጨመሩና እየቀነሱ ብዙ ሺህ ጊዜ ፈትነውት ነበር። ይሁንና የፈተኑት ናሙና አስቀድሞ ከመጠን በላይ በሆነ ግፊት የተነፋ ነበር፤ ያም ግፊት ደካማ ጥጎቹን ባላሰቡት መንገድ አጠንክሯቸው ኖሯል። ሐቀኛው ፈተና ራሱ አታለላቸው። በጥር 1954 አንዱ ኮሜት ኤልባ ደሴት አጠገብ ተበታትኖ ወደቀ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኖቹ ታገዱ፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ "ይህ ሊሆን ይችላል፣ ያ ሊሆን ይችላል" ተብሎ ብዙ ማሻሻያ ተደረገላቸውና መጋቢት 23 እንደገና በረሩ። በ16ኛው ቀን ሌላው ኔፕልስ አጠገብ ወደቀ፤ 21 ሰዎች።

ከዚህ በኋላ መርማሪዎቹ አንድ ሙሉ ኮሜት በትልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ አስገቡ። ውኃ እየሞሉና እየቀነሱ የእያንዳንዱን በረራ ግፊት እየደገሙ ሌሊትና ቀን ፈተኑት። ቀድሞ ከበረረው ጋር ተደምሮ ወደ 3,000 ገደማ ሲደርስ ቆዳው ከአንድ ክፍት ቦታ ጥግ ጀምሮ ተቀደደ። ሽቦን ለመበጠስ ጉልበት የሌለው ልጅ ወዲህና ወዲያ እያጠፈ እንደሚበጥሰው ነው፤ የብረት ድካም ይሉታል። ውጤቱ ለሕዝብ ተገለጠ፤ ተፎካካሪ ፋብሪካዎች ሳይቀሩ አውሮፕላናቸውን በዚያ ትምህርት ሠሩ። ዛሬ በሰላም ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ መቀሌ የሚበር ሰው የእነዚያ 56 ሰዎች ባለዕዳ ነው፤ ስማቸውን ግን አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በጥር የሞቱት 35ቱ ሠሪዎቹ በእውነት ባላወቁት ነገር ሞቱ። በሚያዝያ የሞቱት 21ዱ የሞቱት "አናውቅም" የሚለው ቃል ለመናገር ከባድ ስለ ነበረ ነው። ኩባንያው ይከስራል፣ አገሪቱ ክብሯን ታጣለች፣ ደንበኛ ይሸሻል። እኔ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሥነ ምግባር ልዩነት እላለሁ፤ በሁለቱም ጊዜ ማንም ሰው ሊገድል አላሰበም፣ ልዩነቱ ግን አለ።

መናገር ለምን ይከብዳል? በታኅሣሥ 1974 ወደ ዋሽንግተን ሲያርፍ የነበረ የቲደብልዩኤ አውሮፕላን ከተራራ ጋር ተጋጭቶ 92 ሰዎች ሞቱ። ተቆጣጣሪው የሰጠውን ፈቃድ አብራሪዎቹ ዝቅ ማለት እንደሚችሉ አድርገው ተረድተውት ነበር። ምርመራው ያወጣው ነገር አስደንጋጭ ነው፤ ከስድስት ሳምንት በፊት የሌላ አየር መንገድ አውሮፕላን በዚያው ስፍራ በዚያው አለመግባባት ከተራራው ለጥቂት ተርፎ ነበር። እነርሱ ለራሳቸው ባልደረቦች ተናገሩ። ለሌሎቹ ግን የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። የራሳቸው ቤት ዳነ፤ የጎረቤት ቤት አልሰማም።

ከዚህ የተነሣ በ1976 አንድ አዲስ አሠራር ተጀመረ። ስሕተት የሠራ ወይም ለጥቂት ያመለጠ አብራሪ የሆነውን ጽፎ ይልካል። የሚላከው ፈቃዱን ሊነጥቀው ለሚችለው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ቅጣት የመጣል ሥልጣን ለሌለው ለናሳ ነው። ስሙ ተቆርጦ ይወጣል፤ ትምህርቱ ለሁሉም ይሠራጫል። ሳያውቅ ላጠፋው ከቅጣት ይጠበቃል። ወንጀልና የደረሰ አደጋ ግን በዚህ ጥላ ሥር አይገቡም። እኔ ይህን ሳነብ የታሰበኝ የእኛ ይሉኝታ ነው። "ስሕተቴን ብናገር ምን ይሉኛል?" ለሚለው ሰው ስብከት ብቻ አልተሰጠውም፤ የሚናገርበት በር ተከፈተለት።

አንዳንድ ወንድሞች እዚህ ላይ ይቃወሙኛል። "ሞትና ሕይወት በጌታ እጅ ነው፤ ምክንያት መቆፈር እምነት ማጣት አይደለምን?" ይላሉ። በመጋቢት 2011 ለሁለት ደቂቃ ዘግይቶ በረራ 302 ያመለጠው ግሪካዊ በዓለም ዜና ሲነገርለት ብዙዎቻችን በየቤታችን "አየህ የእግዚአብሔርን ሥራ" ብለናል። እርሱን ያዘገየውን እጅ ካመሰገንን ስለ ሌሎቹ 157 ምን እንላለን? ጌታ ራሱ በሉቃስ 13 ላይ በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ተናግሯል። ከሌሎቹ የከፋ ኃጢአተኞች ነበሩ የሚለውን አሳብ በግልጽ ውድቅ አድርጎታል። እንግዲህ የሞቱትን ከበደላቸው ጋር ማያያዝ ከተከለከልን፣ የተረፉትንም ከጽድቃቸው ጋር ማያያዝ ሊቀልለን አይገባም።

ዘዳግም 22፥8 ደግሞ ከዚህ ይልቅ ወደ ሥራ የቀረበ ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፣ ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ ደሙ በዚያ ቤት ላይ እንደሚሆን ሕጉ ይናገራል። የወደቀው ሰው "ቀኑ ደርሶ ነው" ተብሎ አይታለፍም። መከታው የሚሠራውም ማንም ገና ሳይወድቅ ነው፤ ለማን እንደሚሠራ እንኳ አይታወቅም። ምናልባት ገና ላልተወለደ ልጅ ይሆናል።

"ይቅር ባይነትስ?" የሚል አለ። የዘነጋውን አብራሪ ያለ ቅጣት ካዳመጥን ቦይንግንስ ለምን እንጠይቃለን? መልሴ ልዩነቱ በስሕተቱ ትልቅነት ላይ አለመሆኑ ነው። ስሕተቱን ይዞ የመጣና ስሕተቱን የደበቀ አንድ አይደሉም። ኩባንያው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል የተስማማው ተቆጣጣሪውን በማሳሳት ክስ ነው፤ የክሱ ፍሬ ነገር ሊነገር ሲገባው ያልተነገረው ነበር። ይቅርታ ምን ይቅር እንደሚል እንዲያውቅ ነገሩ መነገር አለበት። የሟቾች ቤተሰቦች የልጆቻቸውንና የወላጆቻቸውን ፎቶግራፍ ከፍ አድርገው ዋሽንግተን በምክር ቤቱ አዳራሽ የተቀመጡት ለበቀል ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ያን ምስል ደግሞ ይየው።

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። በዓለም ባንክና በዙሪያው የሕንፃ ሥራ የቀን ሥራ የሚሠሩ ልጆች በየኅብረታችን አሉ፤ ጋራዥ የሚሠሩ፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጉ፣ ታክሲ ላይ ረዳት የሆኑም እንዲሁ። ፍሬኑ ማንቋረር መጀመሩን ከሾፌሩ ቀጥሎ የሚሰማው ረዳቱ ነው። መከታ የሌለውን ደረጃ በየቀኑ ሲሚንቶ ተሸክማ የምትወጣበት ያቺ እህት ከመሐንዲሱ የበለጠ ታውቀዋለች። ነገር ግን ረዳቱ "መኪናው ይቁም" ቢል የዚያን ቀን ገቢ የለም፤ ምናልባትም ነገ ሌላ ረዳት ይቀጠራል። እህታችንም ብትናገር "ካልፈለግሽ ተዪው" ትባላለች። "ተናገሩ" ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። የመናገሩ ዋጋ የሚወድቀው ግን ከሁሉ ያነሰ ገቢ ባለው ሰው ላይ ነው። የ1976ቱ ሰዎች ይህን ስለ ተረዱ የተናጋሪውን ዋጋ ቀነሱለት።

ስለዚህ ለኅብረቶች የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። አደጋ ሲደርስ ለለቅሶ ገንዘብ እናዋጣለን፤ በዚህ ማንም አይወቅሰንም። ከዚያው ሣጥን ጥቂት ተነሥቶ ፍሬኑ እስኪጠገን መኪናው በቆመበት ቀን ለረዳቱ የቀን ገቢ፣ "ተዪው" ለተባለችው እህት የሳምንት አስቤዛ ቢከፈልስ? በምስክርነት ጊዜም "ጌታ ከአደጋ አወጣኝ" ላለው ወንድም ከአሜኑ በኋላ መሪው አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጨምርለት፦ የታርጋ ቁጥሩን አስታውሰሃል?